ጎንበስ የሚለው ድምፅ

ቆሽቴ አርሮ ነው የማወራችሁ፤ ድምፄ ከፍ ቢል እንዳትቀየሙኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ኪቦርድ ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። የሞተ ነገር አምጡልኝ፣ ነፍስ ዘርቼበት ትወስዳላችሁ። ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ቤቴ ሩዝ ሲያር እንኳ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው የሚሸተኝ። እና ሥራዬን አሳምሬ በመሥራቴ ጉድ የሆንኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ሰኞ ጠዋት የአሮጌው ሲኒማ አዳራሽ ኃላፊ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ሱቄ መጣ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። ተሸካሚዎቹ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ረጃጅም ነገሮች ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙና ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ገለጥ ሳደርገው ሁለት ሲንተሳይዘር ኪቦርዶች ናቸው። አቧራቸው የጣት ውፍረት አለው፤ አንደኛው ውስጥ አይጥ ወልዳ አሳድጋለች።

«አዳራሹ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርሳል» አለኝ ኃላፊው ከደጅ ሆኖ። «ከመድረኩ ሥር ያለውን ምድር ቤት ስንከፍት አገኘናቸው። አንዱ የወንድምዎ ነው፣ አንዱ የጺማሙ ነው ይላሉ። የትኛው የማን እንደሆነ እርስዎ ለይተው ይንገሩን። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ባንዶች ለስንብት ይጫወታሉ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚያ አዳራሽ ድሮ ሁለት የሮክ ባንዶች ነበሩ። ዓርብ ዓርብ የወንድሜ ባንድ ይጫወታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጺማሙ። ወንድሜም ጺማሙም ኪቦርድ ተጫዋቾች ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ አንዱን ላለማየት መንገድ ይሻገሩ ነበር። ዕቃቸውን ግን ሁለቱም ከመድረኩ ሥር ነው የሚያሳድሩት። አንድ ቀን አዳራሹ በባለቤትነት ክርክር ታሸገ፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል አርባ ዓመት ሞላው። ባንዶቹንም ውሃ በላቸው። ጋሼ፣ ወንድሜን ማለቴ ነው፣ ለዚያ ኪቦርድ እንደ ሰው አዝኖለታል።

ጋሼ አሁን ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዓይኑን ስኳር ወስዶበታል፤ መስኮቱ የት እንዳለ ያውቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የኔን ፊት እንኳ አይለይም። ዓይኑ ከከዳው ወዲህ ከቤት መውጣት ትቷል። የቀረው ጆሮው ነው። በጆሮው ደግሞ አይጣል ነው፤ ደጅ መኪና ሲቆም የማን እንደሆነ ከበሩ አዘጋግ ይነግራችኋል። የኪቦርዱን መገኘት ሲሰማ ጫማዬን ጥረጉልኝ አለ አሉ። በስልክ የነገረችኝ ሴት ልጁ ናት። «አክስቴ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጫማ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው» አለችኝ።

ከባንዱ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው፤ ቅዳሜ አንድ ዘፈን ብቻ ሊጫወቱ ተስማምተዋል። ዘፈኑን የደረሰው ጋሼ ነው፤ የሚጀምረውም በኪቦርዱ አንድ ወፍራም ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ ቀስ ብሎ ጎንበስ ይላል፤ ትንሽ ይቆይና እንደገና ቀና ይላል። ሕዝቡ ታዲያ ገና ጎንበስ ከማለቱ አዳራሹን በጩኸት ያናጋዋል። ሌላ ማንም፣ ጺማሙም ጭምር፣ ያንን ድምፅ ማውጣት አልቻለም።

«ሚጣ» አለኝ ጋሼ ስልኩን ከልጁ ተቀብሎ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለሱ አሁንም ሚጣ ነኝ። «የኔን ካገኘሽልኝ እወጣለሁ። ካላገኘሽ ግን ባልሆነ ነገር ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን አላዋርድም።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ያኔ የሮክ ተጫዋቾች አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው፤ ተቀናቃኝ ባንድ መድረክ ላይ አይቶ ያንኑ ዕቃ እንዳይገዛ የፋብሪካውን ስም በምላጭ ይፍቁና በላዩ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉበታል። ከጀርባ ያለችውን የቁጥር ሰሌዳም ይነቅሏታል። ፕላስተሩን ላጥኩ፣ ቁልፎቹን ቆጠርኩ፣ የማብሪያዎቹን አሰላለፍ ከድሮ መጽሐፎቼ ጋር አመሳከርኩና ሞዴሉን ለየሁት። ስሙን ብነግራችሁ ምንም አይረባችሁም። ከዚያ ሁለተኛውን ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ያው ራሱ ነው! ሁለት ጎረምሶች አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው፣ አንዱ ካንዱ ደብቀው፣ ጎን ለጎን ሲያሳድሩት ኖረዋል።

ስልክ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ያንተው ምን ምልክት ነበረው?»

«በስተግራ የሲጋራ ቃጠሎ አለው።»

«ሁለቱም አላቸው።»

«የኔ ብዙ ነው።»

«ስንት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሙዚቃ ነበር የምጫወተው ወይስ ቃጠሎ የምቆጥረው?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ልጁ አንድ ፎቶ ፈልጋ ላከችልኝ። ጋሼ መድረክ ላይ ነው፣ ሸሚዙ እስከ እምብርቱ ተከፍቷል። ፀጉሩ ፊቱንም ኪቦርዱንም ሸፍኖታል፤ የሚታየኝ አንድ ጥግና የአንድ ሰው ክርን ነው። አጉልቼ አየሁት፣ አሳንሼ አየሁት፤ ክርን ነው። 

እንግዲህ የሚለያቸው ድምፃቸው ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለባቸው። አርባ ዓመት የተኛ ዕቃ እንዲሁ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ ይቃጠላል። መጀመሪያ የኃይል ክፍሉን ካፓሲተሮች መቀየር ግድ ነው። እነሱን ቀየርኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ግን እስቲ ስሙኝ። ልጅ ሆኜ ጋሼ ያንን ኪቦርድ ለልምምድ ቤት ሲያመጣው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ «ሚጣ እንዳትነካው!» የቤቱ ሰው ሁሉ ነክቶታል። ጎረቤት ነክቶታል። እኔ ግን ካቻቢቴ ይዤ ስለምዞር እጄ አይታመንም። ያ ጎንበስ የሚለው ድምፅ በመጣ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሰማው። ብልሽት መሆኑን በአሥራ ስድስት ዓመቴ አውቄያለሁ፤ የድምፅ ክፍሉ የደከሙ ካፓሲተሮች እንደሚያደርጉት በሃያ ዓመቴ ደርሼበታለሁ። ለሱ ትንፍሽ አላልኩም። ብቻ አንድ ቀን እጄ በገባ እያልኩ ኖርኩ። ማክሰኞ ዕለት ይኸው እጄ ገባ።

ከውስጥ ያሉትን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የድምፅ ክፍሉን ካፓሲተሮች በሙሉ፣ ከሁለቱም ኪቦርዶች፣ እግራቸውን በፒንሳ እየቆረጥኩ አንዲት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳቸው። በአዲስ ተካኋቸው። ቁልፎቹን አጠብኩ፣ የአይጧን ጎጆ ጠረግኩ፣ ቃናቸውን በመለኪያ እስከ መጨረሻዋ ድረስ አስተካከልኩ። ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ነው የሠራሁት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ብቅ ብሎ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ቢለኝ «ወጣትነቴ!» አልኩት። ስለ መለየቱ አላሰብኩም። አሁን ይሄን ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው አላሰብኩም፤ ብልሽት አየሁ፣ አነሳሁት።

ረቡዕ ልጁ ክንዱን ይዛ ጋሼን አመጣችው። ጫማው ያብረቀርቃል። እንዳይደናቀፍ መሬት ላይ ያለውን ሽቦ ሁሉ በእግሬ ገፋሁለት። ተቀመጠ፣ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር በቁልፎቹ ላይ አሳለፈና ወፍራሙን ድምፅ ተጫነ።

ድምፁ ወጣ። ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሼ ጣቱን ሳያነሳ አንገቱን አዘንብሎ ጠበቀ። ድምፁ ወይ ፍንክች! ያኔ ነው የገባኝ። የሚለያቸውን ነገር ራሴ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

«ይሄ አይደለም» አለ። «እስቲ ሌላውን።»

ሌላውን አቀረብኩለት። እሱም ቀጥ።

«ይሄም አይደለም። ሁለቱም የእኔ አይደሉም።»

ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ። «ከሁለት አንዱማ ነው ጋሼ! ሌላ ምድር ቤት የለ!»

«አይደለም አልኩሽ።»

«ደግመህ ስማው።»

ደገመው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ሲል ቆየ። ልጁ ውሃ ብታቀርብለት እምቢ አለ። እሱ በጠበቀ ቁጥር ጥፋቴ ይከብደኛል፤ በመጨረሻ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ጆሮህ አርጅቶ ነዋ!» አልኩት። «አርባ ዓመት እኮ ነው! ዓይንህ ሲያረጅ ጆሮህ እንዴት ይቀራል?»

አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋሼ መልስ አጥቶ አያውቅም፤ ስትሰድቡት ሁለት እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልስላችሁ። እጁን ከቁልፎቹ አነሳና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይሆናል» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «ቤት ውሰጂኝ» አላት።

ሐሙስ ጺማሙ መጣ። ጺሙ ከጠፋ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አለ። ሁለቱን ቆሞ አያቸውና ከግራ ያለውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ነው የኔ።»

«እንዴት አወቁት? አልነኩትም እኮ!»

«ያምራላ!»

«ያማረው እኔ ስላጠብኩት ነው!»

«የኔ ድሮም ንጹሕ ነበር» አለና አሸክሞት ሄደ። ወይ ጤና! ጋሼን አንድ ሰዓት ሙሉ ያሠቃየው ነገር ለዚህ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ። አላስቆምኩትም። በምን አፌ?

እሱ እንደወጣ በሬን ዘግቼ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኳት። ሰማንያ ምናምን ካፓሲተር ተበታተነ፤ የሁለቱም ተቀላቅሏል፣ መልካቸው አንድ ነው፣ እግራቸው የለም። የተቆረጠውን እግር በሽቦ እየቀጠልኩ ልመልሳቸው ሞከርኩ። ገሚሱ በመበየጃው ካውያ ሙቀት ተሰነጠቀ። ከቀሩት መርጬ አራቱን እኔ ጋ በቀረው ኪቦርድ ውስጥ አስገብቼ ብከፍተው ድምፁ መጎንበሱን ትቶ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ማንኮራፋት ጀመረ። መልሼ አወጣኋቸው። ከሰዓቱ በሙሉ በዚህ አለቀ። በንዴት ፒንሳውን ግድግዳ ላይ ወርውሬ እዚያ የተሰቀለውን የገዛ ሰዓቴን ሰበርኩት።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የጋሼ ልጅ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«አክስቴ፣ አባዬን ምን ነካው? ከትናንት ጀምሮ ሬዲዮ አላስከፍት ብሏል። ሌላ ክፍል ግቢና ቀስ ብለሽ አንድ አንድ ቃል ጥሪ ይለኛል። የሰማውን ይደግመዋል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አንድም አልሳተ። ግን አያምነኝም፤ ‹አዝነሽልኝ ነው ልክ ነህ የምትዪኝ› ይለኛል።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ዘጋሁና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኑን ስኳር ወሰደበት፤ ጆሮውን ደግሞ እኔ፣ የገዛ እህቱ፣ አንዲት ጥፋት ላለማመን ብዬ ወሰድኩበት። አለቀስኩ፤ እንዲህ ሆኜ ካለቀስኩ ዘመናት አልፈዋል።

ዓርብ ጠዋት ቆርቆሮዋን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ገና አፌን ሳልከፍት «ሚጣ ነሽ» አለ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ «ነሽ አይደል?» ሲል ጨመረበት። ያቺ «አይደል» አንጀቴን በላችው።

እጁን ያዝኩና ከቆርቆሮዋ እፍኝ አድርጌ መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ያንተ ድምፅ» አልኩት። «አወጣሁት። ከሁለቱም አወጣሁት፤ አሁን የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ ማንም አያውቅ። ጆሮህ ምንም አልሆነም ጋሼ። ረቡዕ ገና መጀመሪያ ስትጫነው ነው የገባኝ። ፈርቼ ነው በአንተ ያላከክኩት።»

ይጮህብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆምኩ። እሱ ግን ትንንሾቹን ነገሮች በጣቱ አሻሻቸው።

«ለምን አወጣሽው?»

«ብልሽት ነበራ!»

«ብልሽት» አለ። «አሥር ዓመት እዚያች ቤት ውስጥ ስጫወት ስትሰሚኝ፣ ላንቺ ብልሽት ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን የረቡዑ ይበቃኛል። «አዎ ጋሼ» አልኩት። «ሁልጊዜ።»

ልጁ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ጋሼ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲጮህ፣ የኔ እህት ከኋላ ቆማ ካቻቢቴ ስትፈልግ!» አለ። ወዲያው ሳቁ ጠፋና ፊቱ ጠቆረ። «ክፉ ነው ያደረግሽኝ፣ ሚጣ። ኪቦርዱስ ይሁን፣ ዕቃ ነው። ጆሮዬን ስትነሺኝ ምን ይቀረዋል ብለሽ ነው?»

«ይቅር በለኝ።»

«አልልም፤ ገና ነኝ። ነገ አብረሽኝ ትወጫለሽ።»

«የት?»

«መድረክ ላይ። ከኪቦርዱ ጀርባ ቃናውን ዝቅና ከፍ የምታደርግ ክብ መቃኛ አለች። ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ እኔ አልደርስባትም። አንቺ ትይዣታለሽ። እኔ ስጫን ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ቀና ታደርጊዋለሽ።»

«ኧረ በሕግ ጋሼ! እኔ ሙዚቃ የት አውቄ! ሰው ፊትም ቆሜ አላውቅ!»

«አውቀሽ ነው ያወጣሽው፤ አውቀሽ ትመልሽዋለሽ።»

የቀረውን ኪቦርድ ከሱቅ አስመጥተን ቀኑን ሙሉ ተለማመድን። እንደዚያ ዕለት ተሰድቤ አላውቅም። ፈጠንሽ! ዘገየሽ! ይሄ ምንድን ነው፣ ሊፍት ነው እንዴ? ጎንበስ አልኩሽ እንጂ ውደቂ አልኩሽ? የፀጉር ስንጥቅ የምታህለዋን ስህተቴን ይሰማታል። ልጁ ወጥ ቤት ሆና አፏን በፎጣ ይዛ ስትስቅ እንኳ «አትሳቂ፣ አንቺም!» ብሎ ጮኸባት። እኔማ ጭራሽ አልሰማኋትም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተነቅለው ሰው ሁሉ ቆሟል። ጣሪያው ከአሁኑ መነሳት ስለጀመረ ፀሐይ በቀጥታ መድረኩ ላይ ትወርዳለች። ጺማሙ ቀድሞ ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ያንን ኪቦርድ አሸክሞ ወርዷል፤ የጋሼ ይሁን የራሱ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ በዚህ ነገር እስከምሞት ስቃጠል እኖራለሁ። ልጁ ጋሼን መርታ አስቀመጠችው። እኔ ከጎኑ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጄን ከኪቦርዱ ጀርባ አስገብቼ መቃኛዋን ያዝኩ።  ከበሮ መቺው ዱላዎቹን አራት ጊዜ አጋጨ።

ጋሼ ወፍራሙን ድምፅ ተጫነ። ወጣ፤ እኔ ያጠራሁት፣ እኔ በመለኪያ የቃኘሁት፣ ምንም የማይወጣለት ቀጥ ያለ ድምፅ። ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ኪቦርድ ልሰማው የተመኘሁት እሱን ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ጊታሪስቱ ዞሮ አየኝ። ጋሼ ጣቱን አላነሳም፤ ፊቱን ወደ እኔ ሳይመልስ በጥርሱ መሀል፣

«አበላሺው እንጂ፣ ሚጣ!» አለኝ።

አበላሸሁት።